የመጋረጃ ሳቢው ክፍል

ሰፈሩ በሙሉ «ካውያ» ነው የሚላት። ላውንደሪ ስላላት ብቻ አይደለም፤ ስትቆጣም ያው ካውያ ናት፣ የነካችውን ሳታቃጥል አትነሳም። ደንበኞቿ ልብስ ሲያመጡ ኪሱን ራሳቸው ፈትሸው፣ እድፉን ራሳቸው አሳይተው ነው የሚያስረክቧት። አንዴ መሃረብ ረስቶ የሰጣት ሰው ሁለተኛ አይረሳም።

አንድ ቀን ጠዋት የሙዚየሙ ሾፌር ከረጢት ሙሉ ልብስ ተሸክሞ ገባ። ሙዚየም የሚባለው የድሮው ቲያትር ቤት ነው። ለብዙ ዘመን ተዘግቶ ከኖረ በኋላ ወንበሩም፣ መድረኩም፣ የተዋንያኑ መስተዋትም እንደነበረ ተጠግኖ ለጎብኚ ተከፍቷል። ካውያ ግን ከተከፈተ ወዲህ ደጃፉን ረግጣው አታውቅም። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የዚያ ቤት መጋረጃ ሳቢ ነበር፤ ቤተሰቡም ከመድረኩ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖር ነበር። ቲያትሩ ሲዘጋ «ዕቃችሁን አውጡ» ተባሉ። አባቷ የኪራይ ቤት ሳይለምድ፣ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። «በአባቴ ሬሳ ላይ የቆመ ሙዚየም» ትለዋለች። ታናሽ ወንድሟ እዚያው አስጎብኚ ሆኖ ከተቀጠረ ጀምሮ ደግሞ ከእሱም ጋር ሰላምታ አቋርጣለች።

ከረጢቱን ዘርግፋ ልብሱን ስትለይ እጇ አንድ ግራጫ ካፖርት ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ግራ እጅጌው ላይ ተቃጥሎ የተጣፈ ቦታ አለ። የጣፈችው ራሷ ናት፤ ያኔ ልጅ ነበረች፣ መርፌ ገና መያዟ ነበር፣ ስፌቱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል።

«ይኼ የማነው?» አለች።

«እሱማ የዋናው ነው!» አለ ሾፌሩ። ለሰፈሩ አዲስ ስለሆነ ማን ፊት እንደቆመ አያውቅም። «እትዬ፣ አላዩትም እንዴ? አንድ አስጎብኚ አለ፣ ይኼን ለብሶ መጋረጃ ሳቢውን ይሆናል። እያነከሰ ይገባል፣ እንዲህ እያለ ይስላል…» ሾፌሩ ደረቱን ይዞ ሳለ። «ከዚያ አልጋው ላይ ሚስቱ ያለች አስመስሎ ‹እሽሽሽ! ሕዝብ ተቀምጧል!› ሲል ሰው በሳቅ ይሞታል። እኔ ስንቴ አይቼው አሁንም ያስቀኛል።»

ካውያ አልጮኸችም። ሾፌሩ በኋላ ለሰው ሲያወራ ያስፈራው አለመጮኋ እንደነበር ይናገራል። ካፖርቱን በአራት አጠፈችና ከመቀመጫዋ ሥር ከተተችው።

«ሌላው ይታጠባል። ይኼ አይመለስም። ማን ወሰደው ካለህ የሟቹ ልጅ በለው።»

ሾፌሩ ነገሩ ዘግይቶ ገባው። «ውይ! አፌን ቁርጥ ያርገው! እትዬ፣ እኔ መች አውቄ…»

«ውጣ።»

ወጣ።

ቤት ስትደርስ እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የወለቁ አዝራሮችን በመልክ በመልካቸው ትለያለች። ከካውያ ጋር ነው የምትኖረው። እናቷ ድምጿ ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም፤ ስታወራ ጆሮን ማስጠጋት ያስፈልጋል። ጎረቤት «እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ናት፣ ቃል ሲወጣት እንኳ በስስት ነው» ይላል። ካውያ ግን አንዳንዴ ደሟ ይፈላና «ኧረ ሰው በሚሰማው አውሪ!» ትላታለች።

«እማዬ፣ የአባባ ካፖርት የት ነው?»

«ሳጥኑ ውስጥ።»

«ሳጥኑ ውስጥ የለም።»

እናቷ አንድ አዝራር ወደ ብርሃን አንስታ አየች። «እንግዲያው ለኮሽታ ሰጥቼዋለሁ ማለት ነው።»

ኮሽታ ወንድሟ ነው። ስሙን ያወጣለት አባታቸው ነበር፤ ሕፃኑ ትንሽ ኮሽ ባደረገ ቁጥር «ኮሽታ ተነሳ ደግሞ!» እያለ በዚያው ቀረ። ካውያ ስሙን እንደ አባት ቁልምጫ ነበር የምትቆጥረው።

«አልጋውስ? ቡታጋዙስ? ሳፋውስ? ለጥገና ወሰደው ያልሽኝ ሁሉ?»

«ሰጠሁት። የኔ ዕቃ ነው፤ ላልሰጥ ነበር?»

«አባባን እያነከሰ ያሾፍበታል! ወንበዴ! የገዛ አባቱን ለመንገደኛ ማላገጫ አድርጎታል!»

«ሰምቻለሁ» አለች እናቷ በዚያችው ድምጿ። «እንዲያውም ውሰጂኝ። ማየት እፈልጋለሁ።»

ካውያ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ምን አልሽ? ሙት ሲሳቅበት ቆመሽ ልታዪ?»

«ባሌ ነው። ብስቅስ?»

«እማዬ፣ አፍሽን ያዢ! አንቺ ሰው ነሽ? ሰውየው እዚያ ገመድ ላይ ነው ያለቀው፤ እጁ ሲላጥ አይቻለሁ እኔ! እሱን ካባረሩ ሰዎች ጋር ገጥመሽ…»

«ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«እግርሽ ከዚህ በር ቢወጣ እኔ ልጅሽ አይደለሁም።»

የእናቷ እልህ ድምፅ የለውም። በማግስቱ ካውያ ስትነሳ አሮጊቷ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በር አጠገብ ተቀምጣለች። «ዛሬስ?» «አይሆንም።» ካውያ ሱቅ ውላ ስትመለስ እዚያው ናት፤ ሻይዋ እንኳ ሳይጠጣ ቀዝቅዟል። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። «ዛሬስ?» «አይሆንም አልኩሽ! ከፈለግሽ ጫማሽን አድርገሽ ተኚ!» በሦስተኛው ቀን ጫማዋን አድርጋ ተኝታ አገኘቻት።

ሳምንቱ ሳያልቅ ኮሽታ ራሱ ሱቅ መጣ። ከእናቱ ቅጥነቷን ወስዷል፣ ፊቱ ግን ቁርጥ አባቱ ነው፤ ይህም ካውያን ይበልጥ ያናድዳታል። ሱሪው እስኪተኮስ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ አንድ ደንበኛ ነበር።

«ካፖርቱን» አለ ኮሽታ።

«የለም።»

«የሙዚየሙ ንብረት ነው፣ እትዬ ካውያ። በኔ ስም ነው የተመዘገበው።»

«የሙዚየሙ ንብረት! አባባንም በስምህ አስመዝግበኸው ይሆናላ! ሥጋውን አፈር በላው፣ አንካሳ እግሩን አንተ ትበላለህ። ዓይንህን አፈር ይሙላውና!»

«ያየሁትን ነው የማሳየው። የጨመርኩት የለም።»

«አባባ እንዲህ አልነበረም!»

«አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ?» አለ ኮሽታ፤ ፊቱ ጠቆረ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ እንግዳ ታጥበሽ፣ ተቀባብተሽ ትመጫለሽ፤ ሲመሽ አክስቴ ትወስድሻለች። የቅዳሜውን ሰውዬ ነው የምታውቂው።»

እውነቱን ነው፣ ቅዳሜ ነበር የምትመጣው። ኮሽታ ሊወለድ ሲል «ክፍሏ ለአራት አትበቃም» ተባለና አክስቷ ወስዳ አሳደገቻት። ቅዳሜ ስትመጣ አባቷ እጇን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ያዞራታል። ወፍራሙን ገመድ አስይዟት፣ የሷን ትንንሽ እጆች በሱ እጆች ውስጥ አድርጎ፣ «በይ አሁን፣ ሕዝቡ አንቺን ነው የሚጠብቀው» ይላታል። ሁለቱ ሲስቡ ያ የሚያህል ቀይ መጋረጃ እንደ ተራራ ተነስቶ ይሄዳል። በሕይወቷ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አድርጋ አታውቅም። ትዳሯ ሲፈርስም፣ ሱቋን ስትከፍትም፣ ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር ዓይኗን ጨፍና ያንን ገመድ ነው የምትይዘው።

«እኔ በእጁ ነው ያደግኩት» አለች።

«እጁንማ እኛም እናውቀዋለን» አለ ኮሽታ።

ካውያ የእንፋሎት ካውያውን ከነትኩሳቱ አነሳችው። «ሳልተኩስህ ውጣ!»

ሱሪውን የሚጠብቀው ሰውዬ ቀድሞ ወጣ። ኮሽታ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «መጥተሽ እዪው፤ ካየሽ በኋላ ስደቢኝ። ሳታዪ ግን አፍሽን አትክፈቺብኝ። ፈርተሽ ነው እንጂ ሙዚየሙ ያለው ከዚህ ሁለት ፌርማታ አይርቅም።»

ለመሄድ የቆረጠችው ያን ጊዜ ነው። ናፍቆት አይደለም፣ ለእናቷ አዝናም አይደለም። ሄዳ፣ በዚያ ሁሉ ጎብኚ መሃል ተነስታ ልታዋርደው ነው። የምትለውንም አሰናዳች፦ «ይኼ ሰውዬ አባቱን ቀብሮ ያልጠገበ፣ አውጥቶ የሚያስጨፍር ነው!» ሸሚዝ እየተኮሰች ደጋግማ አለችው። ኮሌታ ላይ «አባቱን ቀብሮ ያልጠገበ»፤ እጅጌ ላይ «አውጥቶ የሚያስጨፍር»። ቃሉ አፏ ውስጥ ተሳለ።

ማታ ለእናቷ «ነገ እንሄዳለን» አለቻት።

«አሁን ብንሄድስ ምን አለው?» አለች እናቷ፤ ጫማዋ እግሯ ላይ ነበር።

በማግስቱ ሄዱ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ቦርሳቸውን ፈተሸ፤ ካውያ «እኛን ነው የምትፈትሸው? ሌባው ውስጥ ነው ያለው» ብላው አለፈች። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው፣ ሁሉም ነገር ደግሞ ውሸት ነው። ቀያዮቹ ወንበሮች አዲስ ጨርቅ ለብሰዋል፤ ያ የአቧራና የፀጉር ቅባት ሽታ ጠፍቶ ቀለም ቀለም ይሸታል። መጋረጃውን ዛሬ የሚስበው ሞተር ነው። ገመዱ ለመታያ ብቻ ግድግዳው ላይ ተጠምጥሞ በመስታወት ተከልሏል። ካውያ መስታወቱ ላይ እጇን ልትዘረጋ ስትል አንዲት ሠራተኛ «እባክዎ አይንኩ» አለቻት። አፏ ላይ የመጣውን ስድብ ሁሉ ታች ላለው ወንድሟ አቆየችው።

እናቷ ግን መድረኩንም፣ ወንበሩንም ቀና ብላ አላየችም። ጉልበቷ የከዳት አሮጊት፣ ከአዳራሹ ጎን ወደ ታች የሚወርደውን ጠባብ ደረጃ እንደ ልጅ ወረደችው።

ከታች ጎብኚዎች ተሰብስበው ነበር፤ ተማሪዎች፣ አንድ ሙሽራ የመሰሉ ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸውን ያቀፉ ቤተሰቦች። የክፍሏ በር ወልቆ በቦታው ወፍራም ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ አልጋው፣ ቡታጋዙ፣ ሳፋው፣ ዝቅ ብሎ የሚጫን የሳንቃ ጣሪያ። ገመዱ ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ተንጠልጥሏል። እናቷ ቀስ እያለች አነበበችው።

«ይኼን ያኔ ቢጽፉልኝ ምን ነበረበት?» አለች።

አጠገቧ ያሉት ሳቁ። ካውያ አልሳቀችም።

ከላይ፣ ከሳንቃው ላይ፣ የሰው ኮቴ ድው ድው አለ፤ አንዱ ሠራተኛ ተዋንያኑን መስሎ ሊረግጥ መድረኩ ላይ ወጥቷል። ኮሽታ በሌላ፣ በማይመቸው ሰፊ ካፖርት ሆኖ እያነከሰ ገባ። ሳለ። ቀና ሲል እናቱንና እህቱን አየ፤ ለአፍታ የትኛው እግሩ እንደሚያነክስ የጠፋበት መሰለ። ግን ቀጠለ። ወደ ባዶው አልጋ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና፣ «እሽሽሽ! ሕዝብ ተቀምጧል! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም!» አለ። ድምፁ የአባታቸው ድምፅ ነበር። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ልጆቹም «እሽሽሽ!» እያሉ ተቀበሉት።

ካውያ ትንፋሿን ሳበች። «ይኼ ሰውዬ…» አለች።

የሰማት ግን የለም። እናቷ ገመዱን ከፍ አድርጋ፣ በሥሩ ሾልካ ክፍሉ ገብታለች። አልጋው ላይ፣ ኮሽታ ጎንበስ ያለበት ላይ፣ ሄዳ ተቀመጠች። ጎብኚዎቹ የትርዒቱ ክፍል መስሏቸው ይበልጥ ሳቁ።

ኮሽታ የሚያደርገው ጠፋው። ልማዱ ይሁን ድንጋጤው፣ አሁንም ጣቱን አንስቶ «እሽሽ…» አለ።

«ዝም አልልም!»

ካውያ የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቀችም፤ ዞራ ፈለገች። ጣሪያውን የሚሰነጥቅ ድምፅ ነበር።

«አልልም! ምጥ ይዞኝ ‹ዝም በይ፣ ሕዝብ ተቀምጧል› አልከኝ! ፎጣ አፌ ውስጥ ጠቅጥቀህ፣ በሩን ከውጭ ቆልፈህብኝ ሄድክ! አንተ እላይ መጋረጃህን ትስባለህ፣ እኔ እዚህ ብቻዬን ልጄን በእጄ እቀበላለሁ! እነሱ ያጨበጭባሉ! እንዳያለቅስ በጡቴ አፈንኩት! ጠቁሮብኝ ነበር፣ ሞቶብኝ ነበር! ስትመጣ ምን አልከኝ? ‹ኮሽታ ተሰምቶኛል› ነው ያልከኝ! በገዛ ልጄ ልቅሶ መታኸኝ!»

ሳቁ ከኋላ ጀምሮ እየጠፋ መጣ። አንዷ እናት ልጇን ወደ ራሷ ጎተተች። ኮሽታ ማንከሱን ትቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ ሆኗል። ዱላውን ያውቃል፣ የተቆለፈውን በር ያውቃል፤ የራሱን መወለድ ግን አሁን ገና መስማቱ ነው።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልኩ ይኸው አረጀሁ! ያድርገኝ! ወቃሽ ያድርገኝ! ስማኝ፣ እዚያም ሆነህ ስማኝ! የሚያባርረኝ የለም፣ የሚቆልፍብኝ የለም፣ እንደ ልቤ እጮኻለሁ!»

ጮኸችም። ቃል የሌለው ረጅም ጩኸት ጮኸች፤ ከላይ መድረኩ ላይ የሚረግጠው ሠራተኛ ኮቴውን አቆመ። ከዚያ ተነስታ ኮሽታን በጥፊ አጮለችው። ኮሽታ አልተከላከለም። አሮጊቷ የመታችበትን እጇን አየችው፣ ጉንጩንም አየችው፤ ኮሌታውን ሰብሰብ አድርጋ «አንተን አይደለም» አለችው።

ከኋላ አንድ ወጣት ማጨብጨብ ሲጀምር አብራው የመጣችው ልጅ እጁን ያዘችው። ጎብኚዎቹ አንገታቸውን ደፍተው አንድ በአንድ ወደ ደረጃው ወጡ።

ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ሥራ አስኪያጅ በር ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗን ጠራርጋ ወደ አሮጊቷ ቀረበች። «እማማ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አንዳንዴ እንኳ እየመጡ ለጎብኚዎቻችን ቢያካፍሉልን…»

«ጉሮሮዬን አላከራይም» አለቻት። «የጮኽኩት ለራሴ ነው። ገመዱን ያዢልኝ፣ ልውጣበት።» ሥራ አስኪያጇ ገመዱን ከፍ አድርጋ ያዘችላት።

ካውያ ግቢው ውስጥ ወጥታ ቆመች። ያሰናዳችው ቃል አፏ ውስጥ እንደ ጠጠር ቀርቷል። በእናቷ ተናደደች፤ እንዲህ ሰው መሃል አባቷን ስለቀማቻት። ባለመንገሯ ተናደደች፣ በመናገሯም ተናደደች። ኮሽታ ካፖርቱን አውልቆ በክንዱ ይዞ መጣ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ለምንድነው ያልነገራችሁኝ?» አለችው፣ ሳታየው።

«ምን ብለን? አንቺ መቼ ታዳምጫለሽ?»

«ቅዳሜ ስመጣ ደስ ይላችሁ ነበር። ትስቁ ነበር።»

«እኛ ቅዳሜን እንጠላው ነበር» አለ ኮሽታ። «አንቺ ትመጫለሽ ተብሎ ስንስቅ መዋል ነበረብን።»

«እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የምታምረው። ፊቷ…»

«ፓውደር ነው። የተዋንያን ፓውደር። የበለዘውን እንዳታዪ። ከመስተዋቱ ሥር እየሰረቅኩ የማመጣላት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ቀን ተይዤ በሱም ተመትቻለሁ።»

ካውያ አሁን ዞራ አየችው። «ቢሆንስ? አውጥተህ ለሰው ማሳቂያ ማድረግህ ልክ ነው?»

«ሲስቁበት አልፈራውም» አለ ኮሽታ።

«እኔ አባት ነበረኝ» አለች ካውያ። «ዛሬ ጠዋት ነበረኝ። ይኼን አልረሳልህም። ሱቄ ድርሽ እንዳትል።»

«አልልም። መች ናፈቅሺኝ?»

ሳይሰናበቱ ተለያዩ።

እናቷ ከበሩ ጥበቃ ጋር ስታወራ ቆይታ መጣች፤ ታክሲ ያዙ። ካውያ ሆን ብላ ከሾፌሩ ጎን ገባች፣ እናቷን ከኋላ ከሰው መሃል አስቀመጠቻት። መንገዱን ሙሉ በመስታወቱ ወደ ውጭ እያየች አባቷን ከሰሰችው፣ ጠበቃም ቆመችለት፤ እጆቿን በእጆቹ ውስጥ ለማስገባት ሞከረች፣ ግን አንዱን ስትይዝ ፎጣውን የያዘው የትኛው እንደነበር እየጠየቀች ለቀቀችው።

ከኋላ እናቷ ለማታውቃት ተሳፋሪ ታወራለች። ድምጿ ሰልሏል፣ ግን ዝቅ አላለም። «ልጅ ወልጄ ነበር እኔ፣ እዚህ ቲያትር ቤት ሥር፣ ብቻዬን…» ታክሲው በሙሉ ይሰማል። ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰ። አንዱ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። የካውያ ፊት እስከ ጆሮዋ ጫፍ ድረስ ጋለ፤ ገመናዋ ሁሉ ጎማ ላይ ሆኖ በከተማው እየዞረ ነው።

ዞር አላለችም። ዝም በይም አላለቻትም።